ሰባት ገዳም የሚዞሩ ሙታን

ስለ ቤት ኪራይ ጀምሬው የነበረው ጨዋታ ለዛሬ ይቆየኝና ሰሞኑን ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከአሁኑ ግን አንድ ነገር ልናገር። የምጽፈው ስለ ቡድሃ እምነት ገዳም ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው? ከታክሲና ከዕድር ወሬ ወጥቶ ጣዖት ቤት ገባ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያ ሰው እስከ መጨረሻው ያንብብና ከዚያ በኋላ ይውቀሰኝ።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩት ሥፍራው አዲስ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል በኒው ሃምፕሸር አቬኑ ሽቅብ ስትነዱ መስጊዱም፣ የዩክሬኖቹ ካቴድራልም፣ የፕሮቴስታንቱ ጸሎት ቤትም በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈው ታያላችሁ። ከእነሱ መካከል ጣሪያው እንደ ቀንድ ወደ ሰማይ የሾለ አንድ ሕንጻ አለ፤ የካምቦዲያዎች ነው። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ትልቅ የቻይና ምግብ ቤት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ገብቼ እራት ልበላ እያሰብኩ ሁሉ አልፌዋለሁ።

ስህተቴን ያረመልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን ስንሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶናል። እሱ አንሶላውን ከማሽን ያወጣል፣ እኔ አጥፋለሁ። በዕድሜ ስለምበልጠው «ቦንግ» ይለኛል። እንደ እኛ «ጋሼ» መሆኑ ነው። እነሱም ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው፤ ይህን ስሰማ ገና ያን ዕለት ወደድኩት። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ኋላ ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ «ከአገርህ ለምን ወጣህ?» ሲለኝ ነገሩን አሳጥሬ «ወታደሮቹ መጡ» አልኩት። እሱም «የእኛም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

የእነሱን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ እንዲህ ነው። ክመር ሩዥ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ዋና ከተማቸውን ፕኖም ፔንን ያዘ። ያኔ በእኛ አገር ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ከተሜውን ሁሉ ወደ ገጠር ነድተው እርሻ ላይ አሰማሩት። እስከ ጥር 1979 ባሉት ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወራት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ከሚጠጋው ሕዝብ 1.7 ሚሊዮን ያህሉ በረሃብ፣ በበሽታ፣ በድካምና በግድያ አለቀ። ገዢዎቹ ራሳቸውን «አንግካር» ይሉ ነበር፤ «ድርጅቱ» ማለት ነው። ማታ መጥተው «ድርጅቱ ለትምህርት ይፈልግሃል» ይሉታል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም። የእኛዎቹ «ለጥቂት ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ነበር የሚሉት። ቃሉ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ጓደኛዬ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን «ለትምህርት» ወሰዱት፣ እናቱ በረሃብ ሞተች። እሱ ከአክስቱ ጋር በእግሩ ታይላንድ ድንበር ደረሰ፤ እኔ ደግሞ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ እነሱንም እኛንም በአንድ በር አስገባን። እሱ ካኦ ኢ ዳንግ ከሚባለው ካምፕ፣ እኔ ከገዳሪፍ። ሁለታችንም የኤሮፕላኑን ቲኬት ዕዳ በወር በወር እየቆራረጥን ከፍለናል። (የዚያን ዕዳ ወረቀት እስካሁን ያስቀመጠ አንባቢ ካለ አብረን እንስቃለን።)

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው መስከረም «ቦንግ፣ ቅዳሜ ሥራ የለህም፣ ፕቹም ቤን ነውና ከእኔ ጋር ና» ያለኝ።

ፕቹም ቤን የሙታን በዓል ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በአሥረኛው ወር፣ ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ፈጽማ እስክትጠፋ ድረስ 15 ቀን ይቆያል። እንደ ፍልሰታ ቁጠሩት፤ ጾም ግን የለውም። በእኛ መስከረም አካባቢ ስለሚውል ከደመራ ጋር የሚገጥምበት ዓመትም አለ። የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት «ካን ቤን» ይባላሉ። በየቀኑ የሚደግሰው የተለያየ ነው፤ ቤተሰቦች ወይም የመንደር ሰዎች ተራ ይገባሉ፤ ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር። በ15ኛው ቀን ሁሉም ይሰበሰባል። «ፕቹም» ማለትም መሰብሰብ ነው።

እምነታቸው እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት እንደ ሥራው ዳግም ይወለዳል። ሥራው ክፉ የሆነ ግን «ፕሬት» ሆኖ ይቀራል፤ ይህ የተራበ መንፈስ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ አፉ ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ። ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በእነዚህ 15 ቀናት ብቻ ከታሰረበት ይፈታና የዘመዶቹን ደጅ ለመፈለግ ይወጣል። እስከ ሰባት ገዳም ይዞራል። በሰባቱም ፈልጎ በስሙ የተሰጠ ነገር ካላገኘ እያለቀሰ ይመለሳል፤ ዘመዶቹንም ይረግማል። ካገኘ ይመርቃል። ኃጢአት የከበደበት መንፈስ ብርሃን አይችልም ስለሚባል ሰዎቹ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ በጨለማ ይነሡና ሰሊጥ የተለወሰበት የሩዝ ድቡልቡል እየያዙ የቤተ መቅደሱን ዙሪያ ይዞራሉ። ድቡልቡሉን ወደ ጨለማው ይወረውሩታል፤ «ባይ ቤን» ይባላል።

ለዚህ ሥርዓት መነሻ አድርገው የሚናገሩት ታሪክ አላቸው። ቢምቢሳራ የተባለ የሕንድ ንጉሥ ቡድሃንና መነኮሳቱን ጠርቶ ታላቅ ግብዣ አደረገ። ያን ዕለት ሌሊት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሚያስፈራ ጩኸት ሲሰማ አደረ። ንጉሡ ደንግጦ ቢጠይቅ፣ ቡድሃ «የሚጮኹት ከረጅም ዘመን በፊት የሞቱ ዘመዶችህ ናቸው። ከግብዣው ይደርሰናል ብለው ሲጠብቁ አንተ ሳታስባቸው ቀረህ» አለው። ንጉሡም በማግስቱ ደግሞ ደገሰና «ይህ ለዘመዶቼ ይድረስ» ብሎ ሰጠ፤ ጩኸቱም ቆመ። ዋናው ድግሱ አይደለም ማለት ነው። ያንኑ ምግብ ያለ ስም ሰጥቶ ማደርና ስም ጠርቶ መስጠት ለየቅል ናቸው።

የሄድነው በሜሪላንድ ካሉት የካምቦዲያ ገዳማት ወደ አንዱ ነው። ገዳም እላለሁ እንጂ ቃሉ በትክክል አይገጥምም። እነሱ «ዋት» ይሉታል። መነኮሳቱ በውስጡ ስለሚኖሩ ገዳም ነው፣ ሰፈርተኛው ስለሚሰበሰብበት ደግሞ ደብር ነው፣ ልጆች ፊደል ስለሚማሩበትም የቄስ ትምህርት ቤት ነው። በሩ ላይ ስደርስ ጓደኛዬ በአክብሮት «ቦንግ፣ ይቅርታ፣ ጫማ ማውለቅ አለ» ሲለኝ ሳቅ አመለጠኝ። ለሐበሻ ጫማ ማውለቅ ማን ያስተምረዋል? ያቺ በበር ላይ የተከመረች ጫማ፣ ያቺ የማን እንደሆነች የማትለይ ጥቁር ጫማ፣ ከአገሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተነሣች ነው የመሰለኝ።

ውስጡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ባልቴቶቹ ነጭ ለብሰው ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ተቀምጠዋል። እግር ወደ ቡድሃው ምስል ወይም ወደ መነኮሳቱ መዘርጋት ነውር ነው። እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው፣ ሁለት ሰዓት እንደዚያ ስቀመጥ ያየሁትን መከራ አልነግራችሁም። ብርቱካንማ የለበሱት መነኮሳት ከፍ ባለው ቦታ ላይ ተደርድረዋል። በፊታቸው በረጅሙ የመመጽወቻ ጎድጓዳ ሳህኖች ተሰልፈዋል። ምእመናኑ በየተራ እየቀረቡ በእያንዳንዱ ሳህን አንድ አንድ ማንኪያ ሩዝ ይጨምራሉ። ሽማግሌውም፣ ጎረምሳውም፣ የሁለት ዓመት ሕጻንም በእናቱ እጅ ተደግፎ። አንድ ማንኪያ፣ ወደሚቀጥለው ሳህን፣ አንድ ማንኪያ።

ሥርዓቱን የሚመራው መነኩሴ አይደለም፤ «አቻር» የሚሉት ምእመን ነው። ብዙውን ጊዜ ድሮ መነኩሴ የነበረ፣ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ ቀን የሚቆጥር፣ ሰርግና ቀብር የሚያደራጅ ሰው ነው። ደብተራ የሚለውን ቃል ለጓደኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ሳይገባው አልቀረም።

የመነኮሳቱ አበላል ደግሞ ለብቻው ያስገርማል። የእኛ ጿሚ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ከዚያ ይበላል፤ የእነሱ ተገላቢጦሽ ነው። እስከ እኩለ ቀን ይበላሉ፣ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። ደግሞም ያልተሰጣቸውን አይነኩም። ጠረጴዛው በወጥ፣ በዓሣና በፍራፍሬ ተሞልቶ ፊታቸው ቢቀመጥ እንኳ ምእመናኑ በእጃቸው አንሥተው ካላቀረቡላቸው አይበሉም። ስለዚህ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛውን በአንድ ላይ ከፍ አድርጎ «እንካችሁ» ይላል። መነኩሴው በበኩሉ «አመሰግናለሁ» አይልም። የሚያመሰግነው ሰጪው ነው፤ ጽድቅ የሚሠራበት ዕድል ስለተሰጠው። ይህን ሲነግረኝ የቆሎ ተማሪዎቻችን ትዝ አሉኝ። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጅ የቆመውን ተማሪ እናቴ ባዶ እጁን ብትመልሰው የምታፍረው እሷ ነበረች እንጂ እሱ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ጽድቁንም በዓሉንም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው፤ «ቦን» ይሉታል። «ዛሬ ቦን አለ» ሲለኝ መጀመሪያ ቡና ሊጋብዘኝ መስሎኝ ነበር።

ምሳ ሲሆን «ኖም አንሶም» የሚባል በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ አቀረቡልኝ። ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነው። ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ወዲያው ገባው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሙዝ ያለበት አለ ብሎ ሌላ አመጣልኝ። እንግዳ ማስተናገድስ እንዲህ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡትን አንዲት አሮጊት በጓደኛዬ አስተርጓሚነት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ የሞቱት ዘመዶችዎ የሞቱት ካምቦዲያ ነው። መንፈሳቸው ሰባት ገዳም ይዞራል ካላችሁ የሚዞሩት እዚያው አገራቸው ነው። ሜሪላንድ ድረስ መንገዱን በምን አውቀው ይመጣሉ?» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «እነሱ ቪዛ አይጠየቁም» አሉ፤ ዙሪያው ሁሉ ሳቀ። ቀጥለው ግን ሳቁን ተዉትና ባላቸው የት እንደተቀበረ እንደማያውቁ፣ ሁለቱ ልጆቻቸውም እንደዚያው እንደሆኑ ነገሩኝ። «እነሱ የሞቱበትን እኔ አላውቅም። እኔ ያለሁበትንም እነሱ አያውቁም። ታዲያ እዚህ ካልተገናኘን የት እንገናኝ?» አሉኝ።

ከምሳ በፊት የስም ዝርዝር ይነበባል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሙታኑን ስም በወረቀት ጽፎ ያቀርባል፤ ከዚያ ስሞቹ እየተጠሩ መነኮሳቱ ይጸልያሉ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ስም መሆኑን ለመለየት ቋንቋ አያስፈልግም። ስም፣ ስም፣ ስም። ለሃያ ደቂቃ ያህል። አንዳንድ ጊዜ አንባቢው ሦስትና አራት ስም ሲያነብ መጨረሻው ቃል አይለወጥም፤ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ጓደኛዬ የአባቱና የእናቱ ስም ሲጠራ መዳፎቹን አገጣጥሞ ግንባሩ ላይ ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ ያን ፊቱን አይቼ አላውቅም።

ይህ በዓል እንዲሁ በቀላሉ የተረፈ እንዳይመስላችሁ። ከ1975 በፊት በካምቦዲያ ወደ 60 ሺህ መነኮሳት ነበሩ። ክመር ሩዥ ልብሳቸውን አስወልቆ እርሻ ላይ አሰማራቸው፤ ስንቱን ገደለ። ገዳማቱን ግማሹን መጋዘን፣ ግማሹን እስር ቤት አደረጋቸው። ድቡልቡል ሩዝ ለመወርወር ይቅርና ለሕያዋኑም የሚበላ ሩዝ አልነበረም። አገዛዙ ከወደቀ በኋላ በመስከረም 1979 በፕኖም ፔን ሰባት ሰዎች እንደገና መነኮሱ። እንግዲህ ከስድሳ ሺህ ወርዶ ከሰባት መጀመር። ያን ጊዜ የመጣውም መንግሥት ከ50 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይመነኩስ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1988 ነው። ክመር ሩዥ አገሩን ሲይዝ ታይላንድ ስለነበሩ የተረፉት መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳ ደግሞ ቤተሰባቸው በሙሉ አልቆ በ1979 ድንበር ላይ ወዳለው የስደተኛ ካምፕ ሄዱና ጸሎት ቤት አቋቋሙ። በኋላም ወደዚህ አገር መጥተው ሮድ አይላንድ ተቀመጡ፣ በ1992 ስደተኞችን እየመሩ በእግራቸው እስከ ፕኖም ፔን ተጓዙ፣ በ2007 ማሳቹሴትስ ውስጥ አረፉ። በየከተማው ላሉት ስደተኞች ገዳም መቋቋምም ብዙ ደክመዋል።

ካምቦዲያ ውስጥ መንግሥት ያወጣው የመታሰቢያ ቀንም አለ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ይከበራል። ድሮ «የቁጣ ቀን» ይባል ነበር። ጓደኛዬን ስለዚህ ብጠይቀው ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ያ የባለ ሥልጣን ንግግር ያለበት ቀን ነው፤ ዛሬ አንዱ ይናገራል፣ ነገ ሌላው። ፕቹም ቤን ግን የማንም ፓርቲ አይደለም። የሩዝ ድቡልቡል መፈክር አይጻፍበትም።

ከፕቹም ቤን በኋላ ሌላ በዓል ይከተላል፤ እሱንም ሄጄ አይቻለሁ። መነኮሳቱ በአገራቸው ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሦስት ወር፣ ከገዳማቸው ወጥተው አያድሩም። የድሮው ምክንያት በዝናብ ወራት ሲዘዋወሩ የገበሬውን ቡቃያ እንዳይረግጡ ነው ይባላል። ክረምቱ ሲያልቅ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ሕዝቡ አዲስ ልብስ ያቀርብላቸዋል፤ «ካተን» ይሉታል። ታሪኩ ወደ ቡድሃ ሲጓዙ ክረምት መንገድ ላይ ስላገኛቸው 30 መነኮሳት ነው። ሦስት ወር ታግተው ቆይተው በጭቃና በዝናብ ልብሳቸው ተበስብሶ ደረሱ። ቡድሃ አይቶ ጨርቅ እንዲቀበሉና በጋራ ልብስ እንዲሰፉ ፈቀደ። ይህ በዓል በአንድ ገዳም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፣ ቢያንስ አምስት መነኮሳት ያስፈልጋሉ፣ ጨርቁም የሚሰጠው ለአንድ መነኩሴ ሳይሆን ለማኅበሩ ነው። ሕዝቡ ልብሱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ጃንጥላ ዘርግቶ ከበሮ እየመታ ቤተ መቅደሱን ሦስት ጊዜ ይዞራል። አንባብያን፣ እኔ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሳይ ታቦት የወጣ መሰለኝና ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የብር ኖት በቅርንጫፉ ላይ እንደ ቅጠል የተንጠለጠለበት ዛፍም ይዘው ይዞራሉ። ጣሪያው የሚታደሰው በዚያ ነው። በስለት ጃንጥላና በምንጣፍ ብቻ ለደከምነው ለእኛ ይህ ዛፍ ሳይጠቅም አይቀርም። የሰበካ ጉባኤዎቻችን ያስቡበት።

አሁን ወደ ወቃሾቼ ልመለስ። ይህን ጉዳይ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ሙት ሩዝ ይበላል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «ሙት ጠላ ይጠጣል እንዴ?» አልኩት። ተዝካር ስናወጣ እንጀራውን የሚበሉት ካህናትና ድሆች ናቸው፤ እዚያም ሩዙን የሚበሉት መነኮሳትና ሰፈርተኛው ናቸው። እርግጥ ሃይማኖታችን ሌላ ነው። እኛ ነፍስ በመርፌ ቀዳዳ አፍ ትራባለች አንልም፣ እነሱም የዓለም ፈጣሪ ለምንለው አምላክ አይጸልዩም። እኔም አልሰገድኩም፣ ዕጣን አልለኮስኩም፤ ማንም ስገድ አላለኝም። ግን አንድ ነገር ላይ እነሱ ከእኛ የበለጡ መሰለኝ፤ ይህን ማለት ሊያስቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። የእኛ ሥርዓት ቀን ይፈልጋል። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። ሁሉም የሚቆጠረው ሰውየው ካረፈበት ዕለት ነው። ያረፈበት ዕለት የማይታወቅስ ሰው ከየት ተነሥቶ ይቆጠርለታል?

ይህን የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ታላቅ ወንድሜን በጥር 1970 ዓ.ም. ከቤታችን ወሰዱት። እሱ ሃያ ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ስድስት። ሹራቡን እንኳ አስተካክሎ አልለበሰም ነበር። በዚያ ዘመን የቀይ ሽብር ሟች ቤተሰብ ማልቀስና ጥቁር መልበስ እንደተከለከለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እናቴ እንዲያውም የሚለቀስለት ሰው መሆኑን አላመነችም። ሬሳ አላየችም። ደርግ በ1983 ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ ከእህቴ ጋር እየሄደች አጥንትና ጨርቅ ስትመለከት ከረመች። የራሳችን ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም እንኳ በ1971 ተገድለው የተገኘው ያን ጊዜ ነው። የወንድሜ ሹራብ ግን አልተገኘም። «ሬሳውን ሳላይ ተዝካር አላወጣም» እንዳለች በ1994 አረፈች። የእሷን ተዝካር አወጣን። የእሱን ማንም አላወጣም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ያን ቅዳሜ ስሞቹ ከመነበባቸው በፊት ወረቀት የሚሰበስበው ሰው ወደ እኔ ዞሮ ብዕር ዘረጋልኝ። ጓደኛዬ ነው የጠቆመው፤ የወንድሜን ነገር አንድ ጊዜ አጫውቼው ነበርና። «ቦንግ፣ ስሙን ጻፍ። ማንም ቢሆን ይነበባል» አለኝ። ብዕሩን ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ የእነሱ ክብብ ያለ ፊደል ሞልቶበታል። ቆየሁና ብዕሩን መለስኩ። ኃጢአት ነው ብዬ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሞቷል ያላለችውን ልጅ እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሞቷል የምለው በሰው ቤት፣ በማላነበው ፊደል ሊሆን ነው ብዬ ነው። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ከመኪናው ስወርድ ብቻ «ሰባት ቦታ ይዞራል፣ ይህ አንዱ ብቻ ነው» አለኝ።

ማታ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ደወልኩ። «ስሙን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጥ አስቤአለሁ፣ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እማዬ ካረፈች ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ ለነዳያን ዳቦ እሰጥለታለሁ» አለችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት! «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አንተስ መች ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለች። እውነቷን ነው። ቀጥላ «ለቄሱ የክርስትና ስሙን ነው የምትሰጠው፣ ታውቀዋለህ አይደል?» ስትለኝ አፌ ተሳሰረ። አንድ አልጋ ላይ አብሬው የተኛሁት ወንድሜ የክርስትና ስሙን አላውቅም። ፊደል እያስቆጠረች እንደ ልጅ አስጻፈችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቷን ይዤ ወደ ቄሱ ቀረብኩ። ደብተራቸውን ገልጠው ስሙን ጻፉና «ያረፈው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ቀኑን አላውቅም፣ አባቴ። የተወሰደበትን ነው የማውቀው። ጥር ሰባ ነው።»

ብዕራቸውን አላነሡም። የቀኑን ቦታ በአጭር መስመር ዘጉትና ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከስሞቹ ፊት ለፊት፣ ቀን መጻፍ በነበረበት ሥፍራ፣ ያችው አጭር መስመር ነበረች፤ በአንዱም፣ በሌላውም፣ ከእሱም በታች ባለው።